በኦስትሃፈን ወርቅ ስንቆፍር

የወርቅ ቆፋሪዎች አመፅ በዓይኔ አይቻለሁ ስል ሰው ይስቅብኛል። ፍራንክፈርት ውስጥ ባንክ እንጂ ወርቅ የት አለ ይሉኛል። የገዛ ልጄ እንኳ «ማማ፣ ዳስ ኢስት ሽሮት» ትለኛለች፤ ቁርጥራጭ ብረት ነው ማለቷ ነው። ይሁን፣ ሽሮት ይሁን። ግን ወርቅ ባይሆን ኖሮ ከሥራ ስንወጣ ጫማችንን አስወልቀው አይፈትሹንም ነበር።

ቦታው ኦስትሃፈን፣ የከተማዋ ምሥራቅ ወደብ ነው። ወንዙ ዳር ከተደረደሩት መጋዘኖች መካከል ስም እንኳ ያልተጻፈበት ግራጫ ሕንፃ። ከየመሥሪያ ቤቱና ከየሰዉ ቤት የተጣለ ኮምፒውተር፣ ስልክና ምኑም ምኑም በጭነት መኪና ይመጣል። እኛ እንፈታዋለን። ውስጡ ያለውን አረንጓዴ ሰሌዳ አውጥተን፣ ጠርዙ ላይ የተቀባውን ስስ ወርቅ በመቀስና በፒንሳ እየቆረጥን በየባልዲው እንለያለን። ከዚያ ወዲያ ያለው የአሲድ ክፍል ሥራ ነው፤ እኛ እዚያ አንገባም። ያን ሁሉ ዘመን ወርቅ ስቆፍር ኖሬ ወርቅ የሚመስል ወርቅ አንድ ቀን አላየሁም። ያየሁት ጓንቴ ላይ የሚቀረውን ብናኝ ብቻ ነው።

ከኢትዮጵያ አምስት ነበርን፤ ሦስት ሴትና ሁለት ወንድ። የቀሩት ኤርትራውያን፣ ጋናውያን፣ አፍጋኖችና ፎርክሊፍት የሚነዳ አንድ ሩማንያዊ ናቸው። ሁላችንም የምንግባባው በተሰባበረ ጀርመንኛ ነው። ለሥራም ለስድብም ይበቃናል።

እኛን አምስታችንን እዚያ ያስገቡን ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ፍራንክፈርት ያለ ሐበሻ ግን «ጋሼ» ሲባል ማን እንደሆኑ ያውቃል። በተማሪነት ዘመናቸው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ መሐንዲስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ከድሮ ሥራቸው ያውቁታል። ደብዳቤ ቢመጣብን የሚያነቡልን እሳቸው፣ ቢሮ ቢጠሩን አብረውን የሚሄዱ እሳቸው፣ ባልና ሚስት ቢጣላ የሚያስታርቁ እሳቸው። በየስብሰባው ላይ ደግሞ ወጣት ሆነው ኤምባሲ በር ላይ እንዴት እንደተሰለፉ፣ በፖሊስ እንዴት ተጎትተው እንደታሰሩ ያወሩልናል። ዓይናቸው ያን ጊዜ ያበራል። እኔም አፌን ከፍቼ እሰማቸው ነበር።

ጓደኛዬ ፊት ለፊቴ ነበር የምትቀመጠው። ያደገችው ደቡብ ነው፤ አባቷ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ወርቅ በገበቴ የሚያጥብ ሰው ነበር። «ከወርቅ ሸሽቼ ጀርመን ድረስ ብመጣ፣ ጀርመኖቹ ደግሞ ወርቅ አስቆፈሩኝ» እያለች ትስቃለች። ሥራውን ግን አትንቅም፤ የምትንቅበትም ዕድል የላትም። አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ትታት የመጣች አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቷን ለማምጣት፣ ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት በፊት እናትየዋ ቋሚ የሥራ ውል ማሳየት አለባት። የውጭ ዜጎች ቢሮ ያላት ይህን ነው። አሥራ ስምንት ከሞላት በኋላ ልጅ አይደለችም፤ ራሷን ችላ ትምጣ ይላሉ።

ኃላፊው የዚህ አገር ክረምት ሲያልቅ ቋሚ አደርግሻለሁ ብሏታል። እሷም አመነች። ሽቫንሃይም ሰፈር፣ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ከተከራየቻት ጠባብ ቤት ውስጥ ለልጇ አልጋ ገዝታ አቁማለች። የፍራሹን ፕላስቲክ አልቀደደችውም፤ ልጅቷ ራሷ መጥታ ትቅደደው ትላለች።

ነገሩ የጀመረው በፍተሻ ነው። መጀመሪያ ኪስ ነበር፤ ኪስ ይሁን አልን። ቀጥሎ ጫማ መጣ። ከዚያ ገላችን ላይ የሚያንቀሳቅሱት የሚጮህ ዱላ መጣ። ቀበቶ፣ ቁልፍ፣ የአንገት መስቀል፣ ሁሉም ያስጮኸዋል፤ ሲጮህ ደግሞ ሌባ እንደተያዘ ሁሉ የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። አንድ ሰሞን ከአሲድ ክፍል የሚወጣው ወርቅ ከታሰበው አነሰ ተባለ። ሒሳቡን ያሳየን የለም። ብቻ የጎደለው በእኛ ገላ ላይ ይወጣል ብለው ቆረጡ። ሹሩባ የተሠራን ሴቶችን ለየት አድርገው ማየት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ብናኙን ጠጉራችን ውስጥ ወሽቀን የምናወጣ መስሏቸው።

የዚያን ሳምንት እሁድ ጓደኛዬን ሹሩባ ሠርቻት ነበር። ልጇ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ቀን ነው፤ በስልክ ሲተያዩ አምራ ልትታያት ፈልጋ። እኔ ደግሞ እጄ ሹሩባ ላይ ልግም አያውቅም፤ ቀጭን ቀጭን አድርጌ፣ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ አውርጄላታለሁ። ልጅቷ በስልክ አይታት «እማዬ፣ ሙሽራ መሰልሽ» አለቻት። ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ ያቺን ቃል ስትደጋግም ዋለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ፈረቃችን አልቆ ስንወጣ፣ ፈታሿ ሴትዮ በእስክሪብቶ ጫፍ ሹሩባዋን ነካ ነካ አደረገችና «ፍቺው» አለቻት።

«ናይን፣ አልፈታም» አለች ጓደኛዬ።

ኃላፊው ከመስታወት ክፍሉ ወጣ። ካልፈታሽ አትወጪም አላት፤ ፈገግ ብሎ ነው ያላት። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፤ ወንዱም ሴቱም። ፈታሿ ጓንት አጠለቀችና ራሷ መፍታት ጀመረች። አንድ መስመር ፈታች፣ ሌላ ፈታች። የግማሽ ቀን ሥራዬን እዚያው ፊቴ በተነችው። የወጣ ነገር የለም። ጓደኛዬ እጇን ግራና ቀኝ ለቅቃ ቆማለች። አፌን ልከፍት ስል ጓደኛዬ ግማሽ ጠጉሯ እንደተበተነ መውጫው በር ላይ መሬት ቁጭ አለች።

«አትወጪም አላችሁኝ» አለች በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዋ። «እሺ፣ አልወጣም።»

ወዲያው ከኋላዬ የነበረችው ጋናዊት የራሷን ሻሽ ፈትታ የፈታሿ ጠረጴዛ ላይ ወረወረችና አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ተቀመጥኩ። አፍጋኖቹ ተያዩና ተቀመጡ። ሩማንያዊው ፎርክሊፍቱን አጥፍቶ ወረደ። ማንም ምንም አላቀደም፤ በሩ ግን በሰው ተዘጋ። እነሱ ፖሊስ እንጠራለን ሲሉ እኛ ጥሩ አልን። ፖሊስ አልመጣም። በኋላ ኃላፊው ራሱ በጎን ያለውን በር ከፍቶ ሳይፈትሸን አስወጣን። እንዲያ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ማንም አልገባም። ግቢው በር ላይ ቆምን። ሩማንያዊው የእንጨት ፓሌቶቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደርድሮ መኪና የሚገባበትን በር ዘጋው፤ ከዚያ የፎርክሊፍቱን ቁልፍ ኪሱ ከቶ ሲጋራውን ለኮሰ። ዕቃ የጫኑ መኪናዎች መንገዱን ይዘው ተሰለፉ። ሹፌሮቹ ይቆጡናል ብለን ስንፈራ አንዱ ጡሩምባውን እየነፋ እጁን አወጣልን።

ጋናዊቷ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። በር የምንከፍትበትን ካርድ ሁላችንም እዚያ ውስጥ ከተትን። ቆርቆሮውን ጓደኛዬ ትያዝ ተባለ። የተስማማነው አንድ ነገር ነው፦ ማንም ለብቻው አይገባም፤ ከገባን ሁላችን፣ ካልሆነ ማንም። እያንዳንዱ ካርዱን ሲከት ይህን በየቋንቋው አለ። ጓደኛዬ በአማርኛ አለችው። የምንጠይቀውም ሁለት ነገር ነበር፤ ጠጉራችን እንዳይነካና በዚህ ምክንያት ማንም እንዳይባረር።

ያንን ሁለት ቀን መቼም አልረሳውም። ያካፋል፤ ብርዱ ከወንዙ ይመጣል። ከአፍጋኖቹ አንዱ በትልቅ ቴርሞስ ሻይ ያመጣል። ከኤርትራውያኑ መካከል አንድ ጎልማሳ ነበረ፤ ሀገር ቤት ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ከእኛ ጋር ሰላም እንኳ ተባብሎ አያውቅም። የዚያን ቀን ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ። «ብዪ፣ ዛሬ ሀገራችን ይቺ በር ናት» አለኝ በዚያ በትግርኛ ቅላጼው። እኔም በላሁ። ጓደኛዬ የተፈታውን ጠጉሯን አላሠራችም፤ ግማሹ ሹሩባ፣ ግማሹ ብትን ሆኖ ነበር የምትውለው። ልሥራልሽ ብላት «ያዩት» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጋሼ መጡ።

ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሁለት አዛውንት አስከትለዋል። ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጭ ሻርፕ ጣል አድርገዋል። ከርቀት ሳያቸው ሊያግዙን የመጡ ነበር የመሰለኝ። ኤምባሲ በር ላይ የተጎተቱት ሰው፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ሊቆሙ መጡ ብዬ ደስ አለኝ። የቂል ደስታ። ጋሼ ሌላውን ሰው ሁሉ አልፈው እኛን አምስታችንን ብቻ ጠርተው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ይዘውን ገቡ።

ሻይ ታዘዘ። እኛ ተቀመጥን። እነሱ አልተቀመጡም።

ይህን ሌላ ሰው ላይረዳው ይችላል፤ ሐበሻ ግን ያውቀዋል። ሽማግሌ ለጉዳይ ሲመጣ እሺ እስኪባል አይቀመጥም፣ የቀረበለትን አይቀምስም። ዳቦ ቤቷ ውስጥ ጀርመኖቹ ቡናቸውን እየጠጡ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ጠረጴዛችን ጫፍ ላይ ኮታቸውን እንደለበሱ ቆሙ። ጋሼ ከዓመት በፊት ጉልበታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ከዘራው ላይ ተደግፈው ቆመዋል።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ኃላፊውን አነጋግሬዋለሁ። የጠጉሩ ነገር ይቀራል። ማንም አይነካችሁም። የሷም ፌርትራግ፣ የሥራ ውሏ፣ በቀጠሮው ይፈረማል። ቃሉን ሰጥቶኛል። እናንተ መጀመሪያ በሰላም ግቡ፤ ሌላው ይከተላችኋል።»

«ከሁሉም ጋር ተማምለናል ጋሼ» አለች ጓደኛዬ። «ለብቻችን አንገባም ብለናል።»

«እኔስ? እኔ እናንተን ሳስገባ ሐበሻ ጨዋ ነው ብዬ ነው ያስገባኋችሁ። በእኔ ላይ አትፍረዱ።»

«በጽሑፍ ቢሰጡን» አለ ከወንዶቹ አንዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጋሼ ፊታቸው ቀላ። «ሽማግሌ ወረቀት ይጠየቃል እንዴ?» አሉ። ሌሎቹ ሁለቱ አዛውንቶች ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። የጠየቀው ልጅ አንገቱን ደፋ። እኔ፣ አፌ የማያርፈው ሴትዮ፣ እኔም ዝም አልኩ። በዚህች ከተማ ለጡረታው ወረቀት፣ ለቤቱ ወረቀት፣ ለውሻው ወረቀት የሚጠየቅ ሰው፣ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ወረቀት ማለት ስድብ ይሆንበታል። እኛው ነን እንዲህ የሆንን ሰዎች፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ሻያችን ቀዘቀዘ። ጋሼ አሁንም ቆመዋል። ጉልበታቸው መታጠፍ ጀመረ፤ አንዴ ጠረጴዛውን ያዝ አደረጉ። ጓደኛዬ ጉልበታቸውን ነበር የምታየው። ጋሼ ለሷ ሌላ ሰው ናቸው። ስትመጣ የጥገኝነት ጥያቄዋን ያስተረጎሙላት፣ በሐኪም ቤት «አባቷ ነኝ» ብለው የፈረሙላት እሳቸው ናቸው። ወንዝ ውስጥ የቀረውን አባቷን ነበር የምታይባቸው።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይቀመጡ» አለች።

«እሺ በይኝና።»

«ይቀመጡ። እሺ።»

ተቀመጡ። ተመራርቀን፣ አሜን አልን። ሻያቸውን ቀመሱ።

ወደ በሩ ስንመለስ ሁሉም ያዩናል። ጓደኛዬ ቆርቆሮውን ለጋናዊቷ ሰጠቻት፤ በጀርመንኛዋ እየተደናበረች ሽማግሌዎቻችን ኃላፊውን ቃል አስገቡት፣ ለሁላችንም ነው፣ እናንተም ትገባላችሁ አለቻት። ጋናዊቷ ቆርቆሮውን ከፍታ ያዘችልን፤ እኛ ተራ በተራ እጃችንን አስገብተን የየራሳችንን ካርድ ፈልገን አወጣን። ፎቷችን እየታየ ነው የምናወጣው፤ የማን የማን እንደሆነ መሳሳት አይቻልም። ኤርትራዊው ጎልማሳ «ሽማግሌዎቻችሁ ጨረሱላችሁ?» አለኝ። ያን ዳቦ ከሆዴ መልሶ ቢወስደው በወደድኩ።

እኛ ከገባን በኋላ ቀኑ ሳያልቅ አመፁ አለቀ። አንድ አንድ እያሉ ገቡ። ሩማንያዊው ራሱ ፓሌቶቹን አነሳ።

ጠጉር መንካቱ በእርግጥ ቀረ። ኃላፊው ቃሉን ያከበረው በዚያ ብቻ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ጓደኛዬን ወደ መስታወቱ ክፍል ጠራት። ውሏ ሲያልቅ አይታደስም፤ ከዛሬ ጀምሮም አትምጪ፣ እስከዚያው በዕረፍት ላይ ትሆኛለሽ አላት። ምክንያቱ ሥራ ቀንሷል የሚል ነው። ጋናዊቷና ሩማንያዊውም በዚያው ሰሞን እንዲወጡ ተደረጉ። ጓደኛዬ ከክፍሉ ስትወጣ ዓይኔን አላየችም። ጓንቷን አጣጥፋ፣ አንዱን ባንዱ ላይ አድርጋ፣ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ሄደች። እኔ ባለጌ ቃል እየወረወርኩ ልከተላት ስነሳ፣ ከወንዶቹ አንዱ ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ ያስተካክሉታል» አለኝ። አሁንም ጋሼ።

የዚያኑ ዕለት ከሥራ በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ራሳቸው ከፈቱልኝ። ሳሎናቸው እንደ ሁሌው ነው፤ መጻሕፍት፣ ከግድግዳው ላይ ደግሞ ያ የተማሪነት ፎቷቸው፦ ከጓደኞቻቸው ጋር፣ ጎፈሬ ያላቸው ወጣት ሆነው፣ ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር ይዘው፣ አፋቸው ተከፍቶ። ቁጭ በይ አሉኝ። አልቀመጥም አልኳቸው።

«የሷን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ቃሉን ሰጥቶኛል አላሉም?»

ጋሼ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ሰውዬው አምስታችሁንም ሊያባርር ነበር። አንድ ሰው፣ የጀመረችው፣ ትሄዳለች፤ የቀሩት ይግቡ አለኝ። ምን ልበለው? አንቺም ሥራሽን ብታጪ ደስ ይልሽ ነበር? አራታችሁን ነው ያተረፍኩት።»

«መቼ ነው እንዲህ ያለዎት?»

«ያን ዕለት ጠዋት ደውሎ።»

«ዳቦ ቤቱ ሳንገባ?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አልቀመጥም ያልኩት ሴትዮ ሶፋው ክንድ ላይ ዘፍ አልኩ። እዚያ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቆመው፣ በዚያ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጡ፣ ጓደኛዬ ስታዝንላቸው፣ እሳቸው ያውቁ ነበር። የሷም ፌርትራግ ይፈረማል ያሉት እያወቁ ነው። ይቀመጡ ስትላቸው የሸጧት እያዩዋት ነው።

«አንቺ አታውቂም» አሉኝ፤ ድምፃቸው አሁን እንደ ስብሰባው ድምፅ ሆነ። «እኛ በእናንተ ዕድሜ ወይ ሁሉ ወይ ምንም ነበር ያልነው። ከዚያ ፎቶ ላይ በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሀገር ቤት ገብተው አለቁ። ከዚያ ወዲህ የተረፈውን ማትረፍ ነው ብዬ ወሰንኩ።»

ላዝንላቸው ሞከርኩ፤ እውነቴን ነው። ፎቶውን አየሁ። ሳቂታ ልጆች ናቸው፤ እሳቸው ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል። ግን እሳቸው ያተረፉት በሌላ ሰው ልጅ ነው። ይህን አልኳቸው። «ልጇስ? አልጋ ገዝታላት አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። እሱ ሌላ መንገድ ይፈለግለታል፣ ከቢሮው ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ እይዝላታለሁ አሉኝ። ጋናዊቷና ሩማንያዊውስ ስላቸው፣ «ስለነሱ አልተነጋገርንም» አሉ። በሩን ዘግቼ ወጣሁ። በደረጃው ስወርድ የምሳደበው በአማርኛ ይሁን በጀርመንኛ አላውቅም።

ሌላ መንገድ አልተገኘም። ጓደኛዬ ባንሆፍስፊርቴል፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ጀመረች፤ የሰው አቅራቢ ድርጅት ነው የቀጠራት፤ የወራት ውል እየሰጡ ያድሳሉ። ቋሚ የሚባል የለም። ጠበቃ ጋ ሄደች፤ ቢሮው ጊዜያዊ ውል አልቀበልም አላት። በአውሮፕላን ጣቢያ ጠየቀች፣ በአረጋውያን ቤት ጠየቀች። ሁሉም የሙከራ ጊዜሽን ጨርሺና እንነጋገር ይሏታል። ጊዜ ነው የሌላት፤ የሚሰጧት ግን ጊዜ ነው።

እኔ ከኦስትሃፈን በፈቃዴ ወጣሁ። ያን ጠረጴዛ ፊት ለፊቴ ባዶ ሆኖ ማየት አልቻልኩም፤ ኤርትራዊውም ዳግመኛ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ይገባዋል።

ልጅቷ አሥራ ስምንት የሞላት ቀን ጓደኛዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ያዘችው። ልጅቷ ጎበዝ ናት። «ምንም አይደል እማዬ፤ እኔም ደህና ነኝ» አለች። እናቷም «አዎ፣ ምንም አይደል» አለች። ሁለቱም እየዋሹ፣ ሁለቱም መዋሸታቸውን እያወቁ ስለ አየሩ ጠባይ አወሩ። እኔ ወደ ሽንት ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የፋሲካ ጾም ሊፈታ ተቃረበ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ቤት ነበርኩ። ከዚያ አመፅ ወዲህ ሹሩባ ተሠርታ አታውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ራሷ «ሥሪኝ» አለችኝ። ወንበር ላይ አስቀምጫት፣ እኔ ከኋላዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የፍራሹ ፕላስቲክ አሁንም አልተቀደደም፤ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ግማሹን እንደጨረስኩ የበሩ ደወል ጮኸ። ክፍት ነው፣ ግቡ አለች፤ ጎረቤት መስሏት።

ጋሼ ናቸው። ያው ሁለት አዛውንት ተከትለዋቸዋል። በእርጅናቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሰዋል፤ ለፋሲካ ሊቆርቡ ፈልገው የንስሐ አባታቸው መጀመሪያ ታረቅ እንዳሏቸው ሰምቼ ነበር። ከስተዋል። ከዘራው ላይ አጎንብሰው ጠባቧ ክፍል መሐል ቆሙ።

«ልጄ» አሉ፣ «ይቅር በይኝ ብዬ መጥቻለሁ። ሽማግሌም ይዣለሁ። እሺ እስክትይኝ አልቀመጥም።»

ሁለቱ አዛውንቶችም እሺ በይን፣ አታሳፍሪን፣ ዓመት በዓል ነው አሉ። ጓደኛዬ አልተነሳችም። ሽማግሌ ቤቷ ሲገባ ሳትነሳ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እጄ ጠጉሯ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«አንቺ ሥሪ» አለችኝ፤ ወደ ኋላ ሳትዞር።

ቀጠልኩ። የጋሼ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንዱ አዛውንት ክንዳቸውን ያዘ። ጓደኛዬ ያንኑ ጉልበት አየች፤ ከዳቦ ቤቱ ጀምሮ የምታውቀውን ጉልበት።

«ጋሼ» አለች፣ በዚያው በለመደችው ለስላሳ ድምፅ። «ባለፈው ሲቆሙ ልጄን ሰጠሁዎት። አሁን ምን ቀርቶኛል ብለው ነው የቆሙት?»

ይቀመጡም አላለች፣ ይውጡም አላለች። ፕላስቲኩ ከእኔ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ከውጭ የልጆች ድምፅ ይሰማል። ጋሼ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ።

ሹሩባው እስኪያልቅ ቆሙ። እኔም ቀጭን ቀጭን አድርጌ ነበር የምሠራው፤ አልተቻኮልኩም።